ሳሙናሽ ለምን ላበ?

ከኮምቦልቻ አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ ይኸውና፤ «ሁለት ኪሎ የሚቀልጥ የሳሙና ቤዝ ገዝቼ ከሰል ላይ ጣድኩት። ቶሎ እንዲቀልጥልኝ ብዬ አፈላሁት። ትኩስ እሬት፣ ማርና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጨምሬ ገለበጥኩት። በማግስቱ ስነሳ ላብ አጥልቆታል። እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ አረፋም የለው። ተበላሸብኝ ማለት ነው? እንዲህ ከሚያስቸግረኝ ተራ የገላ ሳሙና ፈቅፍቄ ባቀልጥስ? እናቴ ደግሞ እንዶድ ጨምሪበት ይሉኛል። በጥር ለእህቴ ሠርግ 60 ፍሬ ላድል አስቤ ነበር።»

አብሽሪ እህቴ። ጥር ገና ነው፣ ትደርሺበታለሽ። እኔ ደሴ ላይ ይህን ሥራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዳንቺ ያለ ሳሙናም ብዙ ጊዜ በእጄ ይዣለሁ። መለጠጡና አረፋ ማጣቱ መነሻቸው ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ላቡ በኋላ እመጣለሁ። አንደኛ አፍልተሽዋል። ሁለተኛ የማይችለውን አሸክመሽዋል።

ቤዝ ማለት በስሎ ያለቀ ሳሙና ነው። ቅባቱና ኮስቲክ ሶዳው ተዋህደው ሳሙናና ግሊሰሪን የሆኑት ገና ፋብሪካ እያለ ነው። ከዚያ ተጨማሪ ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ሶርቢቶል ወይም ስኳር፣ ውሃም ይገባበታል። ተራው ሳሙና እሳት ላይ አልቀልጥ ሲል ይሄኛው እንደ ቅቤ የሚፈሰው በእነዚህ የተነሳ ነው። መስታወት የመሰለው ሳሙና የዛሬ ግኝት እንዳይመስልሽ፣ አንድሩ ፒርስ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው።

ለጀማሪ ጥሩ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ከሞራና ከኮስቲክ ሶዳ ሳሙና የሚሠራ ሰው ጓንትና መነጽር ያስፈልገዋል፣ ሚዛኑን ከሳተም ቆዳ የሚበላ ሳሙና ይወጣለታል። አንቺ ያን ሁሉ አልፈሽ የመጣሽ ነሽ። የሚቀርሽ ማሞቅ፣ ቀለምና ሽታ መጨመር፣ መገልበጥ ብቻ ነው። የቀለጠው ቤዝ ግን ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ተጣብቆ ያቃጥላልና ልጆቹን አርቂያቸው።

አሁን እሳቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

ቤዝ የሚቀልጠው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ከ70 ባያልፍ ጥሩ ነው። ስታፈዪው ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ግሊሰሪኑ ይቀራል። ውሃ ያጣ ቤዝ ይወፍራል፣ ይወይባል፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ሽታውም ይለወጣል። ያንቺ ታሪክ ይሄው ነው።

«ድስት በድስት ላይ አድርጌ በውሃ ካቀለጥኩት አይቃጠልም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እናንተ ዝቅ ስለምትሉ 94 አካባቢ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ የሚንተከተክ ውሃ ለቤዝ ይበዛበታል። የሚፈለገው እንፋሎት የሚያወጣ፣ ግን የማይፈላ ውሃ ነው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ቤዙን እንደ ጥብስ ሥጋ እከትፈዋለሁ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር አድርጌ። ትልቅ ከተቆረጠ ውጪው ሲቃጠል ውስጡ ገና ድንጋይ ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ሦስት ጣት የሚሆን ውሃ አድርጌ ከሰል ላይ እጥዳለሁ። መተንፈስ ሲጀምር ከሰሉን አመድ አለብሰዋለሁ፤ ቡና ሊገነፍል ሲል እንደምናደርገው። ከዚያ ቤዙን የያዘውን ትንሽ ድስት ውሃው ላይ አስቀምጬ እከድነዋለሁ፣ ክዳኑ እርጥበቱን እንዲይዝልኝ። በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጭስ የሚገድለው ሳይታይ ነው። መብራት ካለና ማይክሮዌቭ ካለሽ ደግሞ 30 30 ሰከንድ እያልሽ፣ በየመሃሉ እያየሽ።

ሲቀልጥ አትነካኪው። እንደ ገንፎ ካማሰልሽው አየር ይገባበትና አረፋ በአረፋ ይሆናል። አልፎ አልፎ በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ቀስ አድርጊው፣ በቃ። ሹሮ ቱክ ቱክ ሲል ደስ ይላል፤ ሳሙና አንዴ ቱክ ሲል ከሰማሽ ግን ወዲያው አውርጂ። ሦስት አራት ቁራጭ ሳይቀልጥ ሲቀርም አውርጂው፣ የያዘው ሙቀት ራሱ ይጨርሳቸዋል። ይህቺን ትንሽ ነገር እስክለምድ ስንት ቤዝ አቃጥያለሁ።

ካወረድሽ በኋላ ቀለሙንና ሽታውን ጨምሪና ጠብቂ። ቴርሞሜትር ብታገኚ ግዢ። ከሌለሽ ስልባቦቱን እዪ። ወተት ሲበርድ ላዩ ላይ የሚይዘውን ታውቂው የለ? ቤዝም 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደዚያ ስስ ሽፋን ይይዛል፣ በማንኪያ ጀርባ ስትነኪው ሸብሸብ ይላል። ያኔ ሽፋኑን አንስተሽ ገልብጪ። በዚህ ሰዓት ፈሳሹ ወፈር ስለሚል የጨመርሽበት የቡና ወይም የአጃ ዱቄት መሃል ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ በጣም ትኩስ እያለ ከገለበጥሽው ዱቄቱ ሁሉ ሥር ይዘቅጣል። የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫም በጣም ትኩስ ከሆነው ይልቅ ይሄ ይስማማዋል።

ላዩ ላይ ለሚቀሩት ትናንሽ አረፋዎች መድኃኒቱ የእጅ ማጽጃ አልኮል ነው፣ 70 በመቶ የሆነው። በመርጫ ጠርሙስ አንዴ ሁለቴ ፊስ ስታደርጊበት አረፋው ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፣ ላዩ መስታወት ይሆናል። ሁለት ቀለም በሁለት ንብርብር ከሠራሽም በመሃላቸው እርጪ፣ ካልረጨሽ አይያያዙም። ግን ከከሰሉ ራቂ። ሌላ ክፍል ሆነሽ እርጪ። የአልኮል ብናኝ እሳት ካገኘ ይያያዛል፣ ቀልድ የለውም። አረቄስ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ውሃው ስለሚበዛ እንደ እሱ አይሠራም።

አሁን ወደ ላቡ። ላቡ ከሳሙናው የወጣ አይደለም፣ ከአየሩ የመጣ ነው። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል። ቆዳሽን የሚያለሰልሰውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እርጥብ አየር ላይ ክፍቱን ካደረ ውሃውን ስቦ ላዩ ላይ ያጠራቅማል። መጀመሪያ ሰሞን ነሐሴ ላይ 40 ፍሬ ሠርቼ መስኮት ሥር ሳልሸፍን ትቼ አደርኩ። ሌሊቱን ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ቤት ገብቶ አድሮ ኖሯል። ጠዋት እያንዳንዷ ሳሙና ላይ ጤዛ ተቀምጧል፣ በጣቴ ስነካው እንደ ማር ያጣብቃል። ተበላሸ ብዬ ግማሹን ለእግር መታጠቢያ አደረግሁት። ጠርጌ ብጠቀልለው ኖሮ ምንም አልነበረውም።

ስለዚህ የላበውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጥረጊ፣ ነፋስ ያለበት ደረቅ ቦታ ትንሽ አቆዪው፣ ከዚያ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሙጭጭ አድርገሽ ጠቅልዪው። አዲስ ስትሠሪ ደግሞ ከቅርጽ ማውጫው ባወጣሽበት ሰዓት ጠቅልዪ፤ «ነገ እጠቀልላለሁ» የለም። እንዲረጋ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ተዪው። ፍሪዘር አታስገቢው። ቀዝቅዞ ሲወጣ ሞቃቱ አየር ላዩ ላይ ውሃ ይሆንበታል፣ እንደገና ይልባል።

ያሸከምሽው ነገርስ? እዚህ ጋ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያየነውን ሁሉ ድስት ውስጥ እንከታለን።

ትኩስ እሬት አብዛኛው ውሃ ነው። ቤዙ ውስጥ ያለው ውሃ በልክ የገባ ነው፣ ሲበዛበት ይላላል፣ አረፋው ይቀንሳል። ከዚያ የባሰው እሬቱ ራሱ መበስበሱ ነው። ቅጠል ቅጠል ነው፣ ሳሙና ውስጥ ስለገባ አይድንም። ትኩስ ወተት፣ አቮካዶ፣ ፓፓያም እንደዚያው። ከፈለግሽ የእሬት ዱቄት ወይም የወተት ዱቄት ለግማሽ ኪሎ ቤዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ዱቄቱን በቀጥታ አትበትኚው፣ ይጓጉላል። መጀመሪያ በትንሽ ግሊሰሪን ለውሺው።

ማርና ዘይት ክፉ አይደሉም፣ መጠን ነው። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ሁለቱንም ከፈለግሽ ግማሽ ግማሽ። ሳሙናው ዘይቱን የሚያነሳ ነገር ስለሆነ ዘይት ባበዛሽበት ቁጥር ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፣ ላንቺ አረፋ አይተርፍሽም። ጥቁር አዝሙድ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ነጩንም ቤዝ ያወይበዋል፣ እሱን አውቀሽ ግቢበት። ቅቤ ግን፣ አደስ ይኑረውም አይኑረው፣ አይገባም። ይሻግታል። ለጸጉርሽ አቆዪው።

ቡና በጣም ያምራል። ጥሩ ቆልተሽ ያደቀቅሽውን፣ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ። የጀበና አተላ አትጨምሪ፣ እርጥብ ስለሆነ ሻጋታ ያወጣል። እርድ ደስ የሚል ቢጫ ይሰጣል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከበዛ ፎጣ ያቀልማል። የምግብ ቀለም ለአንድ ቀለም ሳሙና ይሆናል፣ በንብርብር ከሠራሽ ግን ቀዩ ወደ ነጩ ይሸሻል። ለዚያ ማይካ ወይም ኦክሳይድ የሚባሉት ዱቄቶች ናቸው የሚሻሉት። ደረቅ ጽጌረዳ ሳሙና ውስጥ ከገባ በቀናት ውስጥ ቡናማ ይሆናል፤ ለሠርግ አይሆንም።

ሎሚ አትጭመቂበት። አሲዱ ሳሙናውን መልሶ ወደ ቅባት ይፈታዋል። ጤና አዳምንም ተዪው። ቡና ላይ የሚያህለው የለም፣ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክቱም ቶሎ አይለቅም።

እናትሽ ስለ እንዶዱ ያሉት መሠረት አለው። ወሎ ውስጥ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ አይተን ነው ያደግነው። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው ነው። ግን ኃይለኛ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነስተው ነው እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንደሚጠቅም ያሳዩት። በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ለነጠላቸው ይሁንላቸው፣ ለእንግዳ ፊት ግን አይሆንም በያቸው።

ሽታን በሚዛን አድርጊ። ለአንድ ኪሎ ቤዝ ከ10 እስከ 20 ግራም፣ ለሳሙና ወይም ለቆዳ ተብሎ ከተዘጋጀው። ልብስ ላይ የምንረጨው ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፣ ሙቀቱ ላይ ተንኖ ያልቃል፣ ገንዘብሽን ነው የሚበላው። የቅርንፉድና የቀረፋ ዘይት ቆዳ ስለሚያስቆጡ ለጊዜው ተያቸው። ቤታችን የሚሸተውን ሽታ ከወደድሽ የእጣን ዘይት አለ፣ የጠጅ ሳር ዘይትም አለ። እጣኑን ራሱን ፈጭተሽ ከጨመርሽ ግን አይሟሟም፣ አሸዋ ሆኖ ቆዳ ይፍቃል።

ተራውን የገላ ሳሙና ስለማቅለጥ ጠይቀሻል። አይቀልጥም። ፈቅፍቀሽ በጥቂት ውሃ ብታሞቂው እንደ ገንፎ ይሆናል፣ በእጅ ጠፍጥፈሽ ድቡልቡል ልታደርጊው ትችያለሽ፣ ለቤት ክፋት የለውም። ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚፈስ፣ ጥርት ያለ ነገር ግን አይወጣሽም፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። የልብስ ሳሙና አቅልጦ ለፊት መስጠት ደግሞ ከነአካቴው አይታሰብ።

ቤዝ ስትገዪ ጀርባውን አንብቢ። ሶዲየም ኮኮኤት፣ ሶዲየም ፓልሜት፣ ሶዲየም ስቴአሬት የሚሉት ሳሙናዎች ናቸው። ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት የሚለው አረፋ ለማብዛት የገባ ነው፤ መጥፎ ባይሆንም ቶሎ የሚደርቅ ቆዳ ላለው ሰው ያለ እሱ ያለውን እመርጣለሁ።

የሠርጉን ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዱ 80 ግራም ቢሆን 60 ፍሬ 4,800 ግራም ነው። አምስት ኪሎ ግዢ፣ ድስት ላይ የሚቀረውን ጨምሮ ይበቃሻል። አምስቱንም ኪሎ በአንድ ጊዜ እንዳታቀልጪ። ኪሎ ኪሎ አድርገሽ ሥሪው፤ አንዱ ቢበላሽ አራቱ ይተርፋል። ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከነሐሴ ይልቅ ያግዝሻል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሪ፣ ይህ ሳሙና እንደ ሌላው ስድስት ሳምንት አይጠበቅም፣ በማግስቱ ይታጠቡበታል።

ስም ስትጽፊበት የጨመርሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ማርና ወተት የማይስማማው ሰው አለ። «ማድያት ያጠፋል፣ ብጉር ይፈውሳል» ብለሽ ግን አትጻፊ። ከቆዳ ላይ ታጥቦ የሚሄድ ሳሙና ማድያት አያጠፋም፣ ሰው በእሱ ተስፋ አድርጎ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ይቀራል። በኋላ ለመሸጥ ካሰብሽም ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ መጀመሪያ ጎራ ብለሽ የሚጠበቅብሽን ጠይቂ።

ያሁኑን ሁለት ኪሎ ለእንግዳ አትስጪው፣ እሬቱ ውስጡ አለ። ጥረጊና ቤት ውስጥ ለእጅ መታጠቢያ ቶሎ ቶሎ ጨርሱት። ሽታው ከተለወጠ ወይም ነጠብጣብ ካወጣ ጣይው። ወደፊት እሬት ያልገባበት ቤዝ ደርቆ እንደ ጎማ ከሆነብሽ ግን ለኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምረሽ በለሰለሰ ሙቀት ከድነሽ አቅልጪው። ሁሉም ባይሆን ብዙው ይመለሳል።

እንግዶቹ ከሞቃቷ ባቲ በኩል የሚመጡ ወይም ሳሙናው ወደዚያ የሚሄድ ከሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አታቆዪው፣ ሃምሳ ዲግሪ ሲደርስ ቅርጹን ይለቃል። ካርቶን ውስጥ፣ ወንበር ሥር ይቀመጥ። ከመጀመሪያው ኪሎ አንድ ፍሬ ሳትጠቀልዪ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ፣ አንዱን ደግሞ ጠቅልለሽ ከጎኑ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ከፍተሽ እጅሽን ታጠቢባቸው። የተጠቀለለው ደረቅ ከሆነ የቀረውን አራት ኪሎ ሥሪ። የተጠቀለለውም ከላበ ግን ወይ ሙጭጭ አድርገሽ አልጠቀለልሽውም፣ ወይ እሳትሽ አሁንም በዝቷል፣ ወይ አንድ ነገር አብዝተሽበታል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የጨመርሽውን በግራም ጽፈሽ ላኪልኝና አብረን እናያለን።